ፊደል የሚሰውረው ስሕተት፦ እየተባባሰ የሚሄድ የንግግር አፕራክሲያና የአማርኛ ተናጋሪዎች ምዘና

አሕጽሮተ ጽሑፍ

እየተባባሰ የሚሄድ የንግግር አፕራክሲያ የንግግር እንቅስቃሴን የማቀድና የማቀናበር ችሎታ ቀስ በቀስ የሚጠፋበት የአንጎል ሕመም ነው። ሕመሙን ከአፌዥያና ከዲስአርትሪያ ለመለየት እስካሁን ዋነኛው መሣሪያ የሠለጠነ ባለሙያ ጆሮ ነው። የምዘና መሣሪያዎቹ ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ድምፅና ምት ላይ የተገነቡ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው፣ የሕመሙ ዋና ዋና ምልክቶች በአማርኛ ውስጥ ሌላ መልክ እንደሚይዙ፣ በፊደላችን ሲጻፉም እንደሚሰወሩ ነው። ስለሆነም የአማርኛ ተናጋሪን መመዘን የእንግሊዝኛውን ቅጽ ከመተርጐም አልፎ የተግባሮችንና የአመዘጋገብ ስልትን እንደገና ማዘጋጀትን ይጠይቃል። ጽሑፉ የጽንሰ ሐሳብ ቅኝት እንጂ ከታካሚዎች የተሰበሰበ መረጃ ትንተና አይደለም።

ቁልፍ ቃላት፦ የንግግር አፕራክሲያ፣ የንግግር እንቅስቃሴ ምዘና፣ ጥብቀት፣ አማርኛ

1. መግቢያ

አንድ ሰው ሊናገር የፈለገውን ያውቃል፤ ቃሉንም ያገኘዋል። ከንፈሩ፣ ምላሱና መንጋጋው አልደከሙም። ሌላው ሲናገር ይሰማል፣ ይረዳል፤ ብዕር ሲሰጡት አሳቡን በትክክል ይጽፋል። ይሁን እንጂ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ተቆራርጦ፣ ተጐትቶ ወይም ተዛብቶ ይወጣል። በመጀመሪያ ረጃጅም ቃላት ብቻ ያስቸግሩታል፤ ከዓመት ወደ ዓመት ግን ችግሩ ወደ አጫጭሮቹም ይወርዳል። ቤተሰቡ ጭንቀት ወይም ድካም ይመስለዋል፤ ሐኪሙም ስትሮክ ወይም የመርሳት ሕመም ሊጠረጥር ይችላል።

ይህ ሁኔታ ራሱን ችሎ ሲከሠት ቀዳማዊ እየተባባሰ የሚሄድ የንግግር አፕራክሲያ ይባላል። «ቀዳማዊ» የተባለው የንግግሩ ችግር የመጀመሪያውና ጐልቶ የሚታየው ምልክት ስለሆነ ነው። «እየተባባሰ የሚሄድ» የተባለውም መንሥኤው እንደ ስትሮክ በአንድ ጊዜ የሚደርስ ጉዳት ሳይሆን የነርቭ ሕዋሳት ቀስ በቀስ መመናመን በመሆኑ ነው።

የጽሑፉ ጥያቄ አንድ ነው፦ የዚህ ሕመም ምልክት በአማርኛ ሲገለጥ መዛኙ ያውቀዋልን? ጥያቄውን ለመመለስ አስቀድሞ ሕመሙ በምርምር እንዴት እንደ ተለየና ምዘናው ምን እንደሚያዳምጥ ይቀርባል፤ ቀጥሎ ከአማርኛ የድምፅ ሥርዓት ጋር ይገናዘባል።

2. ሕመሙ በምርምር ታሪክ

የንግግር እንቅስቃሴ መታወክን በጆሮ ለይቶ የመመደብ ባህል በአብዛኛው ከማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ይነሣል። ፍሬደሪክ ዳርሊ፣ አርኖልድ አሮንሰንና ጆ ብራውን በ1969 ባወጡት ጥናት የ212 ታካሚዎችን ንግግር በ38 የድምፅና የንግግር ባሕርያት መዝነው የዲስአርትሪያን ዓይነቶች ለዩ። መሠረታዊ አሳባቸው ዛሬም የሙያው ምሰሶ ነው፤ የነርቭ ሥርዓቱ የተጐዳበት ስፍራ በንግግሩ ላይ የሚሰማ የራሱን አሻራ ይተዋል። የንግግር አፕራክሲያ የሚለው ስያሜም በዋናነት ከዳርሊ ሥራ ጋር ተያይዞ የጸና ሲሆን፣ ከጡንቻ ድካምም ከቋንቋ ጉድለትም የተለየ የዕቅድና የቅንብር ችግርን ያመለክታል።

በእነዚያ ዓመታት አፕራክሲያ በይበልጥ የተጠናው ስትሮክ ባጋጠማቸው ሰዎች ላይ ነበር። ማርሴል ሜሱላም በ1982 ያለ አጠቃላይ የመርሳት ሕመም ቀስ እያለ የሚባባስ አፌዥያን ከገለጸ በኋላ፣ እየተባባሰ የሚሄድ የንግግር ችግር ያለበት ሰው ሁሉ በአንድ የአፌዥያ ጥላ ሥር ይመደብ ጀመር። በ2011 የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት ቀዳማዊ እየተባባሰ የሚሄድ አፌዥያን በሦስት ሲከፍል፣ «ኢ-ቅልጥፍ ወይም ሰዋስው አጉዳይ» የተባለውን ዓይነት ለመለየት ከሁለት ዋና ምልክቶች አንዱ መገኘቱ በቂ መሆኑን ደነገገ፤ እነርሱም የሰዋስው ጉድለትና ጥረት የሚጠይቅ፣ የተቆራረጠ ንግግር ናቸው። በዚህም የተነሣ የቋንቋ ችግር የሌለበት፣ የንግግር እንቅስቃሴ ችግር ብቻ ያለበት ሰው ከአፌዥያ ጋር የሚደባለቅበት በር ክፍት ቆየ።

ኪት ጆሴፍስ፣ ጆሴፍ ዳፊና ባልደረቦቻቸው በ2012 ያሳተሙት ጥናት ይህን ድብልቅ ለየ። ከተመለመሉት 37 ሰዎች መካከል 12ቱ በዝርዝር የቋንቋ ምርመራ ምንም ዓይነት የአፌዥያ ምልክት ሳይገኝባቸው የንግግር አፕራክሲያ ብቻ ነበረባቸው። ሕመሙ የጀመረበት አማካይ ዕድሜ 73 ዓመት ነበር። በአንጎል ምስልም ጉዳቱ በላይኛው የጐን ቅድመ-ሞተር ኮርቴክስና በተጨማሪ ሞተር ክፍል ላይ ያተኰረ ሆኖ ተገኘ። ይኸው ቡድን በ2014 ባሳተመው ክትትል 13 ሰዎችን ተመልክቶ፣ አምስቱ ሕመሙ ከጀመረ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ፕሮግረሲቭ ሱፕራኑክሌር ፖልሲን ወደሚመስል ከባድ የእንቅስቃሴ መታወክ እንደ ተሸጋገሩ አሳየ። ከሞት በኋላ በተደረጉ የአንጎል ምርመራዎች በብዛት የሚገኘው ታው የተባለው ፕሮቲን ክምችት ነው። ስለዚህ ልየታው የስያሜ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመጣው የሚዛን መጥፋትና የመዋጥ ችግር መሆኑን አስቀድሞ ለመጠበቅ ያስችላል።

3. ምዘናው ምን ያዳምጣል?

መዛኙ በአንድ ጊዜ ሦስት ጥያቄዎችን ይይዛል። ጡንቻው ደክሟል፣ ገትሯል ወይስ ቅንጅቱን አጥቷል? ከሆነ ዲስአርትሪያ ነው። ቃሉ፣ ሰዋስው ወይም መረዳቱ ጐድሏል? ከሆነ አፌዥያ ነው። ጡንቻውም ቋንቋውም ደኅና ሆነው ድምፆቹን በቅደም ተከተልና በልክ ማውጣት ካቃተ የንግግር አፕራክሲያ ነው። ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሊደራረቡ መቻላቸው ሥራውን ያከብደዋል።

ለዚህ የሚያገለግሉት ተግባሮች ቀላል ናቸው። ታካሚው አናባቢ ረዘም አድርጐ ይዞ ይቆያል፤ «ፐ-ፐ-ፐ»፣ «ተ-ተ-ተ»፣ «ከ-ከ-ከ» እያለ አንዱን ክፍለ ቃል በፍጥነት ይደጋግማል፤ ከዚያም «ፐ-ተ-ከ» እያለ ሦስቱን ያፈራርቃል። አፕራክሲያ ባለበት ሰው ዘንድ ብዙውን ጊዜ መደጋገሙ ሳይሆን ማፈራረቁ ይሰናከላል፤ ቅደም ተከተል የሚፈተነው በዚያ ነውና። በመቀጠል ርዝመታቸው እየጨመረ የሚሄድ ቃላትንና ዓረፍተ ነገሮችን ይደግማል፤ ሥዕል ይገልጻል፤ በነጻ ይጨዋወታል።

ኢዲት ስትራንድና ባልደረቦቿ በ2014 ያቀረቡት የንግግር አፕራክሲያ መመዘኛ 16 ባሕርያትን ይዘረዝራል፤ እያንዳንዱም ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጠዋል። የመሣሪያው ብልሃት ባሕርያቱን የሚመድብበት መንገድ ነው፤ የአፕራክሲያ ብቻ የሆኑትን፣ ከዲስአርትሪያ ጋር የሚጋሩትንና ከአፌዥያ ጋር የሚጋሩትን ለይቶ ያስቀምጣል። ከሚደመጡት መካከል የተዛባ ድምፅ፣ በሌላ ድምፅ የተተካና የተዛባ ድምፅ፣ የተራዘመ ተነባቢና አናባቢ፣ በክፍለ ቃላት መካከል የሚገባ ዝምታ፣ እንዲሁም ቃሉ በረዘመ ቍጥር የሚበዛ ስሕተት ይገኛሉ።

ከዚህ በመነሣት ተመራማሪዎች ሁለት ንዑስ ዓይነቶችን ይለያሉ። በአንደኛው፣ ፎነቲካዊ በሚባለው፣ የድምፅ መዛባትና መተካት ይጐላል፤ በሁለተኛው፣ ፕሮሶዲያዊ በሚባለው፣ የንግግሩ መዘግየትና የክፍለ ቃላት መነጣጠል ይበረታል። ሁለቱ የተቀላቀሉበትም አለ።

4. አማርኛ የሚያመጣቸው ጥያቄዎች

ከላይ የተዘረዘሩት ባሕርያት ሁሉ «ከተለመደው የወጣ» የሚል ስውር ንጽጽር አላቸው። የተለመደው ግን በየቋንቋው የተለየ ነው። ከአማርኛ የድምፅ ሥርዓት አንጻር አራት ነጥቦች ጐልተው ይታያሉ።

4.1 ጥብቀት

በእንግሊዝኛ ተነባቢን ማራዘም በአንድ ቃል ውስጥ ትርጉም አይለውጥም፤ ስለዚህ ተነባቢው ሲረዝም መዛኙ ወዲያውኑ የመዛባት ምልክት አድርጐ ይወስደዋል። በአማርኛ ግን ርዝመት ትርጉም ይለያል። «አለ» ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው። «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ መንሳፈፍ ነው፤ ሲጠብቅ «ዐቢይ» ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜን፣ ሲጠብቅ በዓሉን ያመለክታል።

አፕራክሲያ ያለበት ሰው የላላውን «ን» ሳይፈልግ ቢያራዝመው አድማጩ የሚሰማው የተዛባ ድምፅ ሳይሆን ሌላ ጤናማ ቃል ነው። እንግዲህ መዛኙ «ቃል ተሳሳተ» ብሎ ወደ አፌዥያ ሊመድበው ይችላል፤ የእንቅስቃሴ ስሕተቱ የቋንቋ ስሕተት መስሎ ይመዘገባል ማለት ነው።

በሌላ በኩል ጥብቀት ለምርመራ መልካም ዕድል ይሰጣል። በእንግሊዝኛ ተመራማሪዎች ጫና ባለውና በሌለው ክፍለ ቃል መካከል ያለውን የአናባቢ ርዝመት ልዩነት ይለካሉ፤ በአፕራክሲያ ይህ ልዩነት እየጠበበ ሁሉም ክፍለ ቃል እኩል ይሆናል። በአማርኛ የድምፅ ጫና ያን ያህል ጐልቶ ትርጉም የሚለይ ስላልሆነ ይህን ልኬት እንዳለ መውሰድ አያስኬድም። በምትኩ በጠበቀውና በላላው ተነባቢ መካከል ያለው የጊዜ ንጽጽር ሊለካ ይችላል። መላምቱም እንዲህ ነው፤ ንግግሩ በዕድሜ ወይም በጥንቃቄ ብቻ የዘገየ ሰው ሁለቱንም አራዝሞ ንጽጽሩን ይጠብቃል፤ አፕራክሲያ ያለበት ሰው ግን ንጽጽሩን ያጣዋል። ይህ በመለኪያ ሊፈተን የሚገባው መላምት ነው።

4.2 ሳድስና የገባ አናባቢ

በተነባቢዎች መካከል አጭር አናባቢ ማስገባት ከአፕራክሲያ ምልክቶች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። «ክንድ» የሚለው ቃል በተለመደው አነጋገር አንድ ክፍለ ቃል ነው፤ «ን»ና «ድ» ያለ አናባቢ ይከተላሉ። ታካሚው በመካከላቸው አናባቢ አስገብቶ በሁለት ክፍለ ቃል ቢለው ስሕተቱ በጆሮ ይሰማል። በወረቀት ላይ ግን ሁለቱም «ክንድ» ተብለው ይጻፋሉ፤ ሳድስ ፊደል አናባቢ ያለውንም የሌለውንም ተነባቢ በአንድ መልክ ይወክላልና። «ብርድ»ም እንዲሁ ነው። ጥብቀትም በዕለት ተዕለት ጽሕፈት አይታይም። ስለዚህ የታካሚውን ንግግር በተለመደው ፊደል የሚመዘግብ መዛኝ፣ ሳያውቀው፣ የሚፈልጋቸውን ሁለት ምልክቶች ራሱ ይሰርዛቸዋል።

4.3 ፈንጂ ድምፆች

ጥ፣ ቅ፣ ጭ፣ ጵና ጽ የሚወጡት በአፍ ውስጥ ያለው መዘጋትና በጉሮሮ ያለው መዘጋት በአንድ ጊዜ ተቀናጅተው ነው። የሁለት አካላት ጊዜ መገናኘት ስላለበት የቅንብር ችሎታን ይፈትናሉ ብሎ መገመት ይቻላል። «መጣ»ና «መታ»፣ «ቀሰሰ»ና «ከሰሰ» የመሳሰሉ ጥንዶች ለዚህ ያገለግላሉ። ጥንቃቄ የሚሻው ነገር የታካሚው ድምፅ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ በአንዱ ላይ አለማረፉ ነው፤ የደከመ፣ በ«ጥ»ና በ«ት» መካከል የቀረ ድምፅ ሊሆን ይችላል። ፊደል ደግሞ መካከለኛ የለውም። መዛኙ ከሁለቱ አንዱን ሲመርጥ የተዛባውን ድምፅ ወደ ጤናማ መተካት ይለውጠዋል፤ አፕራክሲያን ከአፌዥያ የሚለየው ግን ይኸው መዛባት ነው።

እዚህ ላይ «ፐ-ተ-ከ»ም ሊጤን ይገባዋል። «ፕ» በአማርኛ በአብዛኛው እንደ «ፖስታ»ና «ፖሊስ» ባሉ የውሰት ቃላት የሚገኝ ድምፅ ነው። ተግባሩን መተው አያስፈልግም፤ ነገር ግን በአጠገቡ «በ-ደ-ገ»ን ማስደገምና ውጤቱን ከሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች አማካይ ፍጥነት ጋር በጭፍን አለማወዳደር ይሻላል።

4.4 የቃል ርዝመትና ሰዋስው

የአማርኛ ግሥ ለርዝመት ፈተና የተመቸ ይመስላል። «ሰበረ»፣ «አልሰበረም»፣ «አልሰበረችም»፣ «እንዳልሰበረችው»፣ «እንዳልሰበረችባቸው» እያለ ከሦስት ክፍለ ቃል ወደ ስምንት ይወጣል። ይሁን እንጂ ርዝመቱን የሚያመጡት ቅጥያዎች እያንዳንዳቸው ሰዋስዋዊ ሸክም ይዘዋል፤ አሉታ፣ ጾታ፣ ቍጥር፣ ተሳቢ። ታካሚው «እንዳልሰበረችባቸው» ላይ ቢሰናከል እንቅስቃሴው ነው ወይስ ሰዋስው? ጥያቄው ክብደት አለው፤ የሰዋስው ጉድለት መኖር አለመኖሩ ቀዳማዊ አፕራክሲያን ከአፌዥያ የሚለይ መስመር ነውና።

መፍትሔው ሁለት ዝርዝሮችን ጐን ለጐን ማቅረብ ነው። አንዱ ከላይ እንደ ተጠቀሰው በቅጥያ የሚረዝም፣ ሌላው «ዩኒቨርሲቲ»ን እንደ መሰሉ ያለ ቅጥያ ረጅም የሆኑ የተለመዱ ቃላት የያዘ ይሁን። በሁለቱም ዝርዝር ስሕተቱ ከርዝመት ጋር እኩል የሚጨምር ከሆነ ማስረጃው ወደ እንቅስቃሴ ያደላል። በቅጥያው ዝርዝር ብቻ የሚበዛ ከሆነ፣ በተለይም ቅጥያው ተዛብቶ ሳይሆን ጭራሽ ተዘልሎ ከተገኘ፣ ሰዋስው በዝርዝር መመርመር አለበት።

5. የቀረበ አሠራር

ከላይ ከተነሡት ነጥቦች የሚከተለው አሠራር ይመነጫል።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ምዘና በጥሩ ማይክሮፎን ይቀዳ። የተጻፈ ማስታወሻ ቅጂውን አይተካም። ሕመሙ የሚባባስ በመሆኑ የመጀመሪያው ቅጂ በኋላ ለሚደረግ ንጽጽር ብቸኛው መነሻ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ቃላትን ማስደገም ከማስነበብ ይቅደም። «አለ» በወረቀት ላይ ብቻውን ሲቀርብ ታካሚው የትኛውን እንዳነበበ አይታወቅም። ማስነበብ ካስፈለገ ቃሉ በዓረፍተ ነገር ይግባ፤ «ልጁ እቤት አለ»፣ «ልጁ እሺ አለ» እንደሚባለው።

ሦስተኛ፣ ስሕተት በሚመዘገብበት ጊዜ ጥብቀት፣ የገባ አናባቢ፣ ዝምታና የተዛባ ድምፅ የየራሳቸው ምልክት ይኑራቸው። ዓለም አቀፉን የድምፅ አጻጻፍ መጠቀም ይቻላል፤ በፊደል መጻፍ ለሚመርጥም ጥብቀትን በፊደሉ አናት በሁለት ነጥብ የማመልከት የቈየ ልማድ አለ።

አራተኛ፣ ቢያንስ ሁለት መዛኞች ሳይነጋገሩ ነጥብ ይስጡ፤ የታካሚውንም የአካባቢ አነጋገር ይወቁ። የጎንደር፣ የጎጃም፣ የወሎና የሸዋ አነጋገሮች የየራሳቸው መልክ አላቸው፤ የአነጋገር ልዩነት እንደ ሕመም ሊቈጠር አይገባም። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው ደግሞ ምዘናው በመጀመሪያ ቋንቋው ይጀመር። በአፋን ኦሮሞ ለምሳሌ ጥብቀትም ፈንጂ ድምፆችም አሉ፤ የቁቤ ጽሕፈት ተነባቢን በመደጋገም ጥብቀትን ስለሚያሳይ ከላይ የተነሣው የአመዘጋገብ ችግር በከፊል ይቀልላል።

አምስተኛ፣ ጤናማ የሆኑ በዕድሜ የገፉ ተናጋሪዎች ቅጂ ይሰብሰብ። የ70 ዓመት አዛውንት በተለመደ ሁኔታ በምን ፍጥነት እንደሚናገሩ ሳይታወቅ «ዘገዩ» ማለት አይቻልም። ይህ ሥራ ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናት የሚመች፣ ውጤቱም ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ነው።

እነዚህ ነጥቦች ከአገር ውጭም ይሠራሉ። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ አዛውንት በአስተርጓሚ ሲመረመሩ፣ አስተርጓሚው የሙያው ግዴታ ሆኖበት ትርጉሙን አስተካክሎ ያስተላልፋል፤ የተቆራረጠውን ይገጥማል፣ የተዛባውን ያቃናል። ለሌላ ምርመራ በጎ የሆነው ይህ ሥራ ለንግግር ምዘና ጐጂ ነው። አስተርጓሚው ከምርመራው በፊት «ምን አሉ?» ብቻ ሳይሆን «እንዴት አሉት?» ተብሎ እንደሚጠየቅ ሊነገረው ይገባል።

6. መደምደሚያ

እየተባባሰ የሚሄድ የንግግር አፕራክሲያን የሚያቆም መድኃኒት እስካሁን የለም። እንግዲህ ትክክለኛ ልየታ ምን ይጠቅማል ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ጥቅሙ በጊዜ ላይ ነው። ንግግር ሊጠፋ ይችላል፤ መረዳትና መጻፍ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይኖራሉ። ይህን ያወቀ ቤተሰብ በጽሑፍ ወይም በሥዕል ሰሌዳ መግባባትን አስቀድሞ ይለማመዳል፤ ታካሚው ስለ ሕክምናው፣ ስለ ንብረቱና ስለ ኑዛዜው ሲወስን ይጠይቀዋል፤ የመዋጥና የመውደቅ አደጋንም በንቃት ይጠብቃል። በስሕተት «አእምሮው ደከመ» የተባለ ሰው ግን ማሰብ እየቻለ በራሱ ጉዳይ ከመወሰን ይገለላል።

የንግግርና ቋንቋ ሕክምና በአገራችን ገና በመጀመር ላይ ያለ ሙያ ነው። ይህ ጉድለት ቢሆንም ዕድልም ነው፤ መሣሪያዎቻችን ገና ስላልጸኑ ከመነሻቸው በቋንቋችን ልክ ልንቀርጻቸው እንችላለን። የመጀመሪያው እርምጃም ትንሽ ነው፤ በፊታችን የተቀመጠው ሰው ሲናገር ብዕራችንን ለጥቂት ጊዜ አኑረን፣ መቅጃውን ከፍተን፣ ፊደል የማይዘውን ማዳመጥ ነው።